ቦሌ ላይ ምን የሚታይ አለ?

አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሃያ የማንሞላ ሰዎች ሆነን አዲስ አበባን በእግራችን ስንጎበኝ አረፈድን። ጉብኝቱ «የአዲስ አበባ ዘመናዊ አርክቴክቸር» ይላል። ስኒከር ያደረጉ ተማሪዎች፣ ካሜራ ያንጠለጠሉ ሁለት ፈረንጆች፣ ልጇን ይዛ የመጣች እናት፣ እኔ። ከማዘጋጃ ቤት ተነስተን በቸርችል ጎዳና ወረድን፤ ብሔራዊ ቴአትር ጋ ቆምን፤ የንግድ ባንክን ክብ ህንጻ ዞረን አየን፤ በመጨረሻ አፍሪካ አዳራሽ ደረስን። አስጎብኚያችን ጎበዝ ልጅ ነው። አንብቧል፣ ቀልድ ያውቃል፣ ጥያቄ አይሰለቸውም። እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ጋ ስንደርስ እጁን አጨብጭቦ «እንግዲህ እዚህ ላይ እንጨርሳለን» አለን።

እኔ ወደ ማዶ እያየሁ ነበር። ከፊታችን መስቀል አደባባይ፣ ከአደባባዩ ወዲያ የቦሌ መንገድ ይጀምራል።

«ወደ ቦሌስ አንሄድም?» አልኩት።

ሳቀ። «ቦሌ ላይ ምን የሚታይ አለ? መስታወት ነው እኮ!»

ሁሉም ሳቁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅኩ። የተናደድኩት ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ካወለቅኩ በኋላ ነው።

ጉብኝቱን ልክሰስ አይደለም የመጣሁት። ያሳየን ሁሉ መታየት ያለበት ነው። አፍሪካ አዳራሽን የነደፈው ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1955፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያው ውስጥ ተመሠረተ። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲመታው ፊቱ ቆሞ ዝም የማይል ሰው አላየሁም። ማዘጋጃ ቤቱም የሜዜዲሚ ነው። ክቡ ባንክ የፈረንሳዊው የአንሪ ሾሜት ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን እስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ከኢትዮጵያዊው ሚካኤል ቴድሮስ ጋር ሆኖ ነደፈው። እነዚህን ማወቅ ጥሩ ነው። ልጆቻችንም ይወቁ።

ግን እንዲህ የሚነገረው ታሪክ 1966 ላይ ይሞታል። ስም የሚጠራለት ነዳፊ፣ ከአንድ ሁለቱ በቀር፣ ፈረንጅ ነው። ህንጻው ሁሉ ንጉሡ ሪባን የቆረጡለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ግማሽ ምዕተ ዓመት «ከተማው የተበላሸበት ጊዜ» ተብሎ በአንድ ቃል ይታለፋል። እኔ የተወለድኩት በዚያ «በተበላሸው ጊዜ» ነው። ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁም እንዲሁ ናችሁ። ያደግንበት፣ የተማርንበት፣ የተፋቀርንበት፣ ኔትወርክ ፍለጋ በረንዳ ላይ ስልክ ይዘን የተንጠራራንበት ከተማ፣ በሳቅ የሚታለፈው እሱ ነው።

ቀልድ አድርገን እናልፈው ነበር፣ ጣጣ ባያመጣ። ግን ያመጣል። «ምን የሚታይ አለ?» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከዶዘሩ ቀድሞ ሰፈር የሚገባ ነው። የሚታይ ነገር የለውም የተባለ ሰፈር ሲፈርስ ማንም አይጮህም፤ የሚጮህለት ሰው ቢኖርም ምን እንደጠፋበት በቃል ሊያስረዳ አይችልም። እኔ ደርሶብኛል፣ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ጉብኝቱ ከቆመበት እንቀጥል። ከዚያ እሑድ በኋላ የራሴን መንገድ አውጥቼ ጓደኞቼን እየጎተትኩ አራት ጊዜ ሄጄበታለሁ። ውኃ ያዙ፣ ኮፍያ አድርጉ።

አንደኛ፦ ከአደባባዩ ጥግ

ጉብኝታችን ካለቀበት ጥቂት ደቂቃ በእግር ሄዳችሁ፣ የቦሌ መንገድ የሚጀምርበት ጥግ ላይ፣ የ«ቀይ ሽብር» ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምን ታገኛላችሁ። በ2002 ዓ.ም. ተከፈተ። የነደፈው ፋሲል ጊዮርጊስ ነው፤ ስለ አዲስ አበባ የቆዩ ቤቶች የተጻፈውን ትልቁን መጽሐፍ ከዴኒ ዤራር ጋር ያዘጋጀው አርክቴክት። ህንጻው በዙሪያው ካሉት ፎቆች ጋር ቁመት አይፎካከርም፤ ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። ውስጡ ስትገቡ ለምን ዝቅ እንዳለ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል።

እንግዲህ ጠይቁ፦ በኢትዮጵያዊ የተነደፈ፣ የኢትዮጵያን ሐዘን የያዘ ዘመናዊ ህንጻ እዚህ ቆሞ «ቦሌ ላይ ምን አለ» እንዴት ይባላል? መልሱ ቀላል ነው። ማንም ዞር ብሎ አላየማ!

ሁለተኛ፦ ኦሎምፒያና ከመንገዱ ጀርባ

ወደ ኦሎምፒያ ስትወጡ ደምበል ከፊታችሁ ይቆማል። ዛሬ አርጅቶባችሁ ይሆናል። ለእኔ ዕድሜ ልጆች ግን ደምበል የመጀመሪያው «ውጭ አገር» ነበር። በሕይወቴ የመጀመሪያዬን ሊፍት የተሳፈርኩት እዚያ ነው፤ ምንም ሳንገዛ ሦስቴ ወጥተን ሦስቴ ወርደን ዘበኛው እስኪያባርረን። የገበያ አዳራሽ ማለት ዝናብ የማይነካው ሰፈር መሆኑን አዲስ አበባ የተማረችው እንደዚህ ካሉ ቦታዎች ነው። ይሄ የአርክቴክቸር ታሪክ ካልሆነ ምኑ ነው?

አሁን ግን ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ እንታጠፍ። እውነተኛው ቦሌ ያለው ከፎቆቹ ጀርባ ነው።

ቦሌን የወለደው ጄት ነው። የልደታው የድሮ አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት አጭር ስለነበር ሰፊ ሜዳ ተፈለገ፤ በ1950ዎቹ ቦሌ ላይ አዲስ ማረፊያ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዎቹ ቦይንግ 720 ጄቶች መጡ። መሐል ከተማን ከማረፊያው የሚያገናኘው ሰፊ መንገድ ግራና ቀኝ፣ ትናንት ከብት ይግጥበት የነበረ መሬት ላይ፣ ቪላ ይበቅል ጀመር። እነዚህ ቪላዎች አንዳንዶቹ ዛሬም አሉ። ኤምባሲ፣ ካፌ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ እንግዳ ማረፊያ ሆነው።

አንዱን ቆም ብላችሁ እዩት። ከፊት ለፊት በጥርብ ድንጋይ የለበሰ ግድግዳ፣ ሰፊ መስኮት፣ ከሳሎኑ የማይተናነስ በረንዳ። ዞራችሁ ወደ ጓሮ ብትገቡ ሌላ ቤት አለ፦ ሰርቪስ ቤቱ። ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ለብቻው ነው፤ እንጀራ ጭስ አለዋ፣ ወጥ ሽታ አለዋ። ከፊት የአውሮፓ ሳሎን፣ ከኋላ የሸዋ ጓሮ። ይህን ቤት የትኛውም የጣሊያን መጽሔት ላይ አታገኙትም። እዚሁ የተፈለሰፈ ነው። የፈለሰፈው ደግሞ ነዳፊው ብቻ አይደለም፤ ምጣዱን ሳሎን አጠገብ አላስቀምጥም ያለችው እመቤትም ናት።

ከዚያ 1967 መጣ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ የቀረለት አንድ መኖሪያ ቤት ነው። ኪራያቸው ከ100 ብር በላይ የነበሩት ትርፍ ቤቶች ለኪራይ ቤቶች፣ ከዚያ በታች ያሉት ለቀበሌ ተሰጡ። ቦሌ ውስጥ የአንድ ቪላ ዕድሜ ይህን ሁሉ ያየ ነው። ጌታው የሸሸበት፣ መኮንን የገባበት፣ አራት ቤተሰብ የተካፈለው፣ ኋላ ሬስቶራንት የሆነ። ግድግዳው ላይ የተደፈነ በር ካያችሁ፣ አብዮቱን አያችሁት ማለት ነው።

አክስቴ፣ እቴቴ የምንላት፣ ቤቷ አንድ ብቻ ስለነበረ ተረፈላት። ከኦሎምፒያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር። በሰም የሚወለወል ቀይ ወለል፣ ግማሽ ክብ በረንዳ፣ አጥሩ ላይ የተጋደመ ቡገንቪሊያ። እቴቴ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ትቀመጣለች። አጥሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ የሚያልፍ ሁሉ ያያታል፣ ሰላም ይላታል፣ ግማሹም ገብቶ ቡና ይጠጣል። «ይሄ በረንዳ ባይኖር ማን ይጠይቀኝ ነበር?» ትል ነበር። ያኔ የአሮጊት ወሬ መስሎኝ ነበር። ኋላ ላይ ነው የገባኝ፤ ስለ አርክቴክቸር ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጥ ነገር እየነገረችኝ ነበር።

እቴቴ ስታርፍ ወራሾቹ ስድስት ነበርን። ቤት ለስድስት አይከፈልም፤ ገንዘብ ይከፈላል። ሸጥነው። ገዢው በሁለት ቀን አፈረሰው፤ መብቱ ነው። ዛሬ ቦታው ላይ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ቆሟል፣ ምድር ቤቱ ባንክ ነው። የእኔ ድርሻ የማስተርስ ትምህርቴን ከፈለ። ስለዚህ ጣቴን ወደ ማንም አልቀስርም። ያንን ቤት ያስፈረስነው እኛ ነን፣ እኔም ድርሻዬን በልቻለሁ።

ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ከፈረሰ ዓመት ሳይሞላው የቤቱን ፎቶ ፈለግን። አልበም ሁሉ ገለበጥን። ልደት አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ለቅሶ አለ። የቤቱን ፊት የሚያሳይ ግን አንድም የለም። ያገኘነው አንድ የሠርግ ፎቶ ነው፤ ከሙሽራዋ ቬል ጀርባ የበረንዳው ሩብ ያህል ብቅ ብሏል። 40 ዓመት የኖርንበትን ቤት አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት ቆመን አላየነውም። ለምን እናየዋለን? ቤት ነዋ። ምን የሚታይ አለው?

ሦስተኛ፦ መስታወቱ

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስና ወደ ተሳቀበት መስታወት እንምጣ።

መስታወቱን ልከላከልለት አልችልም፣ መከላከልም አልፈልግም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ፀሐዩ ይጠብሳል፣ ጥላው ይቀዘቅዛል። እንዲህ ባለ አገር ወደ ምዕራብ የዞረ ግድግዳን ከላይ እስከ ታች በመስታወት መሸፈን ሰውን ምጣድ ላይ ማስቀመጥ ነው። ካላመናችሁ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀና በሉ፤ ከመስታወቱ ጀርባ በፕላስተር የተለጠፈ ካርቶን ታያላችሁ። ውስጥ የምትሠራዋ ልጅ ነች የለጠፈችው። ያቺ ካርቶን የህንጻው እውነተኛ ግምገማ ናት።

ግን መጥፎ ህንጻም ይነበባል። እንዲያውም አንዳንዴ ከጥሩው በላይ ይናገራል። ለምን መስታወት ሆነ? በ1986 የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ ወጣ፤ መሬቱ የመንግሥት ሆኖ ቀረ፣ የሚሸጠውና ባንክ የሚይዘው ግን ላዩ ላይ የቆመው ሆነ። ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን የሚያስቀምጥበት ህንጻ ፈለገ። ብሩ ቀን በቀን ዋጋው በሚወርድበት አገር፣ ብሎኬትና ፌሮ ከባንክ ደብተር ይሻላል። ስለዚህ ህንጻው እንደ ዕቁብ በየዙሩ ያድጋል፦ ብር ሲገኝ አንድ ፎቅ፣ ሲጠፋ ሁለት ዓመት ዝምታ። ጣሪያው ላይ ተቀስሮ የቀረው ፌሮ «ገና ነኝ» እያለ ነው። በመጨረሻ ፊቱን በመስታወትና በክላዲንግ ሲያለብሱት «አለቀ» ብሎ ለተከራይ ይነግርለታል።

ከታች ወደ ላይም አንብቡት። ምድር ላይ ባንክ። ከእሱ በላይ ካፌ። ከዚያ የሙሽራ ልብስ፣ የፀጉር ቤት፣ የጥርስ ክሊኒክ። ከዚያ ኮሌጅ። ከዚያ የቪዛና የጉዞ ወኪል። ከላይ ጂም። ከቁርስ እስከ ስደት ያለው የአንድ ወጣት ሕይወት በአንድ ሊፍት! የትኛው የአውሮፓ ህንጻ ነው ይህን ያህል ስለ እኛ የሚነግራችሁ?

እንዴት እንደተሠራም አስታውሱ። በባሕር ዛፍ እንጨት መወጣጫ፣ ካሳፎርማ በሚያፈርሱ ልጆች፣ አሸዋና ኮንክሪት በባሬላ በሚያመላልሱ ሴቶች። ነድፎ ፈቃድ ያወጣው ከእኛው ዩኒቨርሲቲዎች የተመረቀ የአገር ልጅ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ። ስሙ ግን የትም የለም። የሾሜትን ስም አስጎብኚው በቃሉ ያውቃል፤ የዚህን ህንጻ ነዳፊ ስም በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ቀርቶ ባለቤቱም ሳያስታውሰው አይቀርም? አይታወቅም። ጥሩ ሥራ ስም ከሌለው ምስጋና የለውም፤ መጥፎ ሥራም ስም ከሌለው ወቀሳ የለውም። ተወቃሽ የሌለው ከተማ ደግሞ እንዲሁ መስታወት በመስታወት ይሆናል።

አራተኛ፦ መድኃኔ ዓለምና አዲሱ የእግር መንገድ

ቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ትንሽ ተቀመጡ። በአንድ በኩል ከሩቅ የሚታይ ትልቅ ካቴድራል፣ በሌላ በኩል ኤድና ሞል። ጠዋት ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ይፈሳል፣ ከሰዓት ፈንዲሻ የያዘ ልጅ። ወር በገባ በ27 ደግሞ አካባቢው ሙሉ በሙሉ የቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ሻማ፣ ጧፍ፣ ለማኝ፣ መኪና ማቆሚያ ያጣ ምዕመን። ይህን ያቀደ ሰው ያለ አይመስለኝም። ግን ከታቀዱት አደባባዮቻችን ይልቅ ይሠራል። አርክቴክት የሚሆን ሰው ከዚህ ካልተማረ ከየት ይማራል?

ከቦሌ ወደ መገናኛ የሚወስደውን መንገድ ካየነው፣ በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት ያለፈበት ነው። ሐቁን ልናገር፦ የእግር መንገዱ ጥሩ ነው። ድሮ በዚህ መስመር መራመድ ማለት የተከፈተ ቱቦ መዝለል፣ ከቆመ መኪና ጋር መጋፋት ነበር። አሁን ዊልቸር ይሄዳል፣ ሕፃን የያዘ ጋሪ ይሄዳል፣ ማታም መብራት አለ። ይህን የሚክድ ሰው እግሩን አይጠቀምም።

ግን መንገዱ ሰፍቶልን የምናየው እየቀነሰ ነው። ፊታቸው ላይ ያለው ሁሉ ወደ ግራጫ እየተጠጋ፣ የአንዱ ሰፈር ህንጻ ከሌላው መለየት እያቃተን ነው። የእግረኛ መንገድን መንገድ የሚያደርጉት ጀበናዋ፣ ሊስትሮው፣ የጋዜጣና የማስቲካ ሱቁ ቦታቸው የት እንደሆነ ያሰበላቸው ያለ አይመስልም። እኔ የማምነው ይህን ነው፦ ለመራመድ ብቻ የተሠራ መንገድ የስፖርት ሜዳ ነው። መንገድ ቆም የሚባልበት ምክንያት ይፈልጋል። ከተማው አንዱን ፊት በሌላ ፊት ሲቀይር «ቆይ፣ ይሄኛውን ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ፣ ጥፋቱ የቀቢው ብቻ አይደለም። እኛም «ምን የሚታይ አለ» ብለን ስቀናል።

አምስተኛ፦ ገርጂ

ከዚህ በኋላ ያለውን ጓደኞቼ ሁሉ ይቃወሙኛል። «ኮንዶሚኒየም ልታስጎበኘን ነው?» አዎ፣ ኮንዶሚኒየም ላስጎበኛችሁ ነው። ለእኔ የጉብኝቱ እምብርት እሱ ነው።

በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ቦሌ ገርጂ ላይ፣ በከተማ አስተዳደሩና በጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት አማካይነት፣ 700 ያህል ቤቶች ለሙከራ ተሠሩ። ጥያቄው ቀላልና ከባድ ነበር፦ ደሃ ሊገዛው የሚችል ቤት በከተማ ውስጥ በስንት ይሠራል? ወጪ ለመቀነስ ብሎኬቱንና ተገጣጣሚውን የወለል ተሸካሚ በትንንሽ ማኅበራት የተደራጁ ወጣቶች እንዲያመርቱት ተደረገ። ሊፍት እንዳያስፈልግ ከፍታው በአራት ፎቅ አካባቢ ተወሰነ። ደረጃውና ኮሪደሩ ወደ ውጭ ወጣ። ከገርጂ የተማሩትን ይዘው በመላ ከተማው፣ ኋላም በመላ አገሪቱ አዛመቱት። በ1997 ለዕጣ የተመዘገበው ሰው ከ450 ሺህ በላይ ነበር፤ ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለየ። በኢትዮጵያ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ የቤት ንድፍ ሥራ አላውቅም። የትኛው የሜዜዲሚ ህንጻ ነው ይህን ያህል ሰው ያሳደረ?

ጉድለቱን አውቃለሁ፤ ኖሬበታለሁ። ፍሳሹን፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምትሉበትን ግድግዳ፣ ውኃ በጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ መውጣቱን። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነስቶ ዳር ከተማ ላይ የተጣለው ሰው ያጣውን ሥራና ዕድር ማንም አልቆጠረለትም። ይህ ሁሉ ይነገር።

ግን ኮሚናሉን እዩት። ከህንጻዎቹ መሐል ያለውን ትንሹን የጋራ ቤት። ንድፉ ላይ ሲቀመጥ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ትልቅ ድስት የሚጣድበት እንዲሆን ታስቦ ነው። አንድ ሰው ወረቀት ላይ ጎንበስ ብሎ «ፎቅ ላይ የሚኖር አዲስ አበቤ በፋሲካ ዋዜማ የት ያርዳል?» ብሎ ጠይቋል ማለት ነው። የእቴቴ ጓሮ ማድ ቤት ወደ አምስት ፎቅ ሰፈር የተሰደደው በዚህ በኩል ነው። እኛ ጋ ኮሚናሉ ሠርግ አይቷል፣ ለቅሶ አይቷል፣ አንድ ጊዜ መዋዕለ ሕፃናት ሆኗል፣ በኋላም በኮሚቴ ጠብ ተቆልፎ ከርሟል። ውጭ ያለው ኮሪደር ደግሞ ማታ ማታ ሙሉ የሰፈር መንገድ ነው፤ ከሰል ይያያዛል፣ ሕፃን ይሮጣል፣ ወሬ ከፎቅ ወደ ፎቅ ይወርዳል። ይህን የነደፈው ሰው ስም ማን ነው? አሁንም አናውቅም።

ስድስተኛ፦ እስከ መጨረሻው

ከመገናኛ ታክሲ ያዙ። ረዳቱ የሚጠራውን ስሙ፦ «ሲኤምሲ! ሰሚት! አያት!» ሲኤምሲ ማለት ስሙ የተረፈ የጣሊያን ግንባታ ድርጅት ነው። ሃያ ሁለት ማዞሪያ የአውቶቡስ ቁጥር ነው። በሌላው ጫፍ ኦልድ ኤርፖርት አውሮፕላን የማያርፍበት ኤርፖርት ነው። ከተማችን ነገሩን ታፈርስና ስሙን ታስቀራለች፤ ስሙን የሚጠራው ወያላ ከማናችንም የተሻለ የታሪክ ጸሐፊ ነው።

በመስኮት ዕዩ፦ የደርግ ዘመን የማኅበር ቤቶች፣ በ90ዎቹ የተሠሩ የሪል ስቴት ቪላዎች፣ በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ሐዲድ ሰፈርን ለሁለት ከፍሎ ሲያልፍ፣ ከዚያ ኮንዶሚኒየም በኮንዶሚኒየም ላይ፣ እስከ ቦሌ አራብሳ። አራብሳ ላይ ውረዱ። ከመጨረሻው ብሎክ ጀርባ ጤፍ የሚዘራበት መሬት ይታያል። የአዲስ አበባ ዘመናዊነት ዛሬ ያለው እዚህ ጠርዝ ላይ ነው፤ ለማን ቤት ሠራን፣ የማንን ማሳ ወሰድን የሚለው ጥያቄም እዚሁ ነው ያለው። በአፍሪካ አዳራሽ በር ላይ ቆሞ ይህ ጥያቄ አይታይም።

አሁን መልስ ልስጥ። «ቅርስ እኮ የቆየ ነገር ነው» ትሉኛላችሁ። አስመራ በ2009 ዓ.ም. የዩኔስኮ ዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ስትገባ ከታወቁት ህንጻዎቿ አንዱ ነዳጅ ማደያ ነው፤ ፊያት ታሊዬሮ። ሲሠራ ማንም ቅርስ አላለውም፤ ቤንዚን ይቀዱበት ነበር። ያውም አስመራን የነደፈው ቅኝ ገዢ ነው። የቦሌንና የምሥራቁን አዲስ አበባ ግን በመልካሙም በክፉውም አብዛኛውን የሠራነው እኛ ነን። የቅኝ ገዢ ነዳጅ ማደያ ሲከበር ደስ ብሎን፣ የራሳችንን እጅ ሥራ የምንንቅበት ምክንያት አይገባኝም።

«አስቀያሚ ነው» ትሉኛላችሁ። ብዙው ነው። አስቀያሚ መሆኑን ለማወቅም ግን መታየት አለበት። ያልታየ ነገር አይተችም፣ ያልተተቸ ደግሞ ይደገማል።

«ሕግ አለ» ትሉኛላችሁ። አለ፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992። ሕጉ ግን የሚጠብቀው የታወቀና የተመዘገበን ነው። ለመመዝገብ መጀመሪያ ቆም ብሎ «ይሄ ምንድን ነው?» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው መንግሥት ሆኖ እስኪመጣ ከጠበቅን፣ እንደ እቴቴ በረንዳ ከሙሽራ ቬል ጀርባ ሩቡን እናገኛለን።

ሁሉም ይቁም፣ ምንም አይፍረስ እያልኩ አይደለም። ቤት ሸጬ የተማርኩ ሰው እንዲህ ማለት አይችልም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ የምናፈርሰውን እንወቀው። አስጎብኚዎች፣ መስቀል አደባባይን ተሻገሩ። የአርክቴክቸር ተማሪዎች፣ አንድ የቦሌ ቪላና አንድ የገርጂ ብሎክ ለክታችሁ ሣሉ፤ ከመፍረሱ በፊት እንጂ በኋላ አይሆንም። ህንጻ የምታሠሩ፣ በሩ ላይ የነዳፊውንና የፎርማኑን ስም ጻፉ። ሌሎቻችን ደግሞ ዛሬ ማታ ስትገቡ፣ በሩን ከማንኳኳታችሁ በፊት፣ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳችሁ የቤታችሁን ፊት አንድ ፎቶ አንሱ። ሰው አይግባበት። ቤቱ ብቻ።

ለአስጎብኚያችን ደውዬለታለሁ። ከብዙ ክርክር በኋላ በሚቀጥለው ወር አንድ እሑድ ሊሞክረው ተስማምቷል። የምንገናኘው ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ እስጢፋኖስ በር ላይ ነው። ባለፈው ከጨረስንበት።